ስለ አበባ መደብና ስለ ብናኝ አመላላሾች የሙያ ቃላት

1. መግቢያ

የሙያ ቃላትን ለማዳበር የሚደረገው ጥረት አብዛኛውን ጊዜ ያተኮረው በሕክምና፣ በሕግ፣ በምሕንድስናና በመሳሰሉት መስኮች ላይ ነው። የጓሮ አትክልት ሥራ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ በመሆኑ ቃላቱም አብረው የተወረሱና የተሟሉ ይመስሉናል፤ ስለዚህ ቆም ብለን አንመረምራቸውም። በቅርቡ ለአስተያየት የደረሰን አንድ የትርጉም ረቂቅ ይህን ግምታችንን እንድናርም አድርጎናል።

ረቂቁ በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ የጥቂት ገጾች መመሪያ ነው። ንቦችን፣ ቢራቢሮዎችንና በዚያ አገር ሃሚንግበርድ የምትባለውን ትንሽ ወፍ የሚስብ የአበባ ቦታ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳል። በሰዋስው ረገድ ነቀፌታ አይገኝበትም፤ አብዛኞቹም ቃላት በመዝገበ ቃላት አቻ ሆነው የሚገኙ ናቸው። ይሁን እንጂ አንባቢው የተጻፈለትን ቃል በቃል ቢፈጽም፣ ሊተክለው የሚገባውን ተክል ይነቅላል፤ ሊጠብቃት የሚገባትን እጭ ይገድላል፤ ወፊቱን በሚጎዳት መጠጥ ይጋብዛታል፤ ደረቁንም አገዳ በማይገባው ወር ይቆርጣል። ባለ መልካም ፈቃድ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ባዶ መደብ ይታቀፋል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ለረቂቁ አዘጋጆች የሰጠነውን አስተያየት በጥቂቱ አስፋፍተን ነው። ዓላማችን ተርጓሚዎቹን መንቀፍ አይደለም፤ ከእነርሱ በፊት እኛም ተመሳሳይ ስህተት ሠርተናል። የምናስረዳው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ የአንድ ቃል ትክክለኛነት የሚመዘነው ከምንጩ ቃል ጋር ባለው መመሳሰል ሳይሆን አንባቢውን በሚያሠራው ሥራ ነው የሚል ነው።

2. «አልጋ» ወይስ «መደብ»

ረቂቁ የሚጀምረው «የአበባ አልጋ» በሚል ርእስ ነው። አልጋ በአማርኛ መኝታ ነው፤ በምሳሌያዊ አነጋገርም «አልጋ ወራሽ» እንደምንለው ዙፋን ይሆናል። አበባ የተነጠፈበት አልጋ ለሙሽራ ይስማማ ይሆናል እንጂ ለአትክልተኛ አይነግረውም። ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ ደግሞ በችግኝ ጣቢያዎች ዘንድ የታወቀ ቃል አለ፤ እርሱም «መደብ» ነው። የዘር መደብ፣ የችግኝ መደብ እየተባለ ይነገራል። መደብ በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ከጭቃ ከፍ ተደርጎ የሚሠራው መቀመጫና መኝታ ነው። ከዚያ በመነሣት ተለይቶና ከፍ ተደርጎ ለተዘጋጀ አፈር ሊውል ችሏል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በፖለቲካ ጽሑፎች ማኅበራዊ ክፍልን ለማመልከት መስፋፋቱም ይታወሳል። ይህ የፍች ብዛት አያሠጋንም፤ «የአበባ መደብ» ሲባል ስለ መደብ ትግል የሚያስብ አትክልተኛ አይኖርምና።

በዚሁ ክፍል ረቂቁ አንድን ተክል «በክምር» መትከል እንደሚገባ ይናገራል። ክምር ታጭዶ የተሰበሰበ እህል ወይም ድርቆሽ ነው። የታሰበው ግን አንድ ዓይነት አበባ እዚህና እዚያ ተበታትኖ እንዳይተከል ነው። የማር ንብ በአንድ ጉዞዋ ከአበባ ወደ አበባ ስትሄድ ባመዛኙ አንድን ዓይነት ተክል ብቻ የመከተል ልማድ አላት፤ ስለሆነም አምስት ስድስት ግንድ ጎን ለጎን ሲቆም ድካሟን ይቀንስላታል። ለዚህ ሐሳብ አዲስ ስያሜ አያስፈልግም። «አንዱን ዓይነት ሰብሰብ አድርጎ መትከል» ማለት ይበቃል። መደቡም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ሊሆን ይገባዋል። የቋንቋ ባለሙያ ስያሜ መፍጠር እንዳለበት ሁሉ መፍጠር የማያስፈልግበትንም ቦታ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

3. የሚቀስመውና የሚያደርሰው

አማርኛ ንብ ከአበባ የምትወስደውን ለመናገር እጅግ የሠለጠነ ነው። ንብ አበባ ትቀስማለች። ከዚህም ተነሥተን ተማሪው ዕውቀት ቀሰመ፣ ሠራተኛው ልምድ ቀሰመ እንላለን። በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ቀሳሚው ተቀባይ ነው። የተቀሰመበት ወገን በምላሹ ምን እንዳገኘ ግሡ አይነግረንም።

የረቂቁ መሠረተ ሐሳብ ግን በዚህ ባልተነገረው ወገን ላይ የቆመ ነው። ከአበባው ወንዴ ክፍል የሚወጣው ደቃቅ ዱቄት ወደ ሴቴው ክፍል ጫፍ ካልደረሰ ብዙው ተክል ፍሬና ዘር አይሰጥም። ነፋስ የሚያደርስላቸው ዕፅዋት አሉ፤ በቆሎ ከእነዚህ ይቆጠራል። ሌሎቹ ግን በንብ፣ በቢራቢሮ፣ በጥንዚዛ፣ በዝንብ ወይም በወፍ ይገለገላሉ። ንቧ ጣፋጩን ፈሳሽ ስትመጥ ዱቄቱ በጠጉሯ ላይ ይጣበቅና ሳታስበው ወደሚቀጥለው አበባ ታደርሰዋለች። መደቡ የሚተከለው ይህን አገልግሎት የሚሰጡትን ፍጥረታት ለመመገብና ለማስጠለል ነው። እንግዲህ ለዱቄቱ፣ ለድርጊቱና ለአድራጊው ሦስት ስያሜዎች ያስፈልጉናል።

ለዱቄቱ «ብናኝ» የሚለው ቃል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ብናኝ የጤፍ ገለባም፣ የመንገድ አቧራም፣ የፋብሪካ ጢስም ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ጽጌ ብናኝ» ቢባል ይመረጣል። ለድርጊቱ «ርክበ ብናኝ» የሚለውን እንደግፋለን። ረከበ በግእዝ አገኘ ማለት ነው፤ «ርክበ ካህናት» በሚለው የበዓል ስም ውስጥ የመገናኘት ፍች ይዞ ይገኛል። በአማርኛ ደግሞ ተረከበና አስረከበ የሚሉት ግሦች አሉን። ስለዚህ ስያሜው መገናኘትንም ማስረከብንም በአንድነት ይሸከማል፤ ቀሰመ የጎደለውን ይሞላል ማለት ነው።

ረቂቁ ለአድራጊው የመረጠው «አዳቃይ» የሚለውን ነው። ማዳቀል በግብርናችን የታወቀ ሥራ ነው፤ የተዳቀለች ላም፣ የተዳቀለ ዘር እንላለን። በዚህ ሁሉ ሰው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን ሆን ብሎ ያገናኛል። በመደቡ ላይ ያለችው ንብ ግን ብዙውን ጊዜ የምታመላልሰው የአንዱን ዝርያ ብናኝ ወደዚያው ዝርያ ነው፤ አዲስ ዝርያ አትፈጥርም። «ቀሳሚ» የሚለውም ቀደም ብለን ባየነው ምክንያት ግማሹን ብቻ ይናገራል። በመሆኑም «ብናኝ አመላላሽ» የሚለውን እናቀርባለን። አመላላሽ በየመንገዱ የምንሰማው ቃል ነው፤ ዕቃና ሰው ከቦታ ቦታ የሚያደርሰውን ያመለክታል። ንቧም የምትሠራው ይህንኑ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ እንጥቀስ። አማርኛ የቀፎውን እናት «አውራ» ይላታል፤ አውራ ግን በ«አውራ ዶሮ» እንደምናየው የወንድ ምልክት ነው። በሥነ ሕይወት ሚዛን ስያሜው ስህተት ነው። ሆኖም በዚህ ቃል ምክንያት ቀፎው የጠፋበት ንብ አርቢ የለም፤ አውራዋ ስትሄድ መንጋው እንደሚከተል ሁሉም ያውቃል። እጅን የማያሳስት ስህተት ከሆነ ቃሉን ለባለቤቶቹ መተው ይገባል። የምንታገለው እጅን ከሚያሳስተው ጋር ነው።

4. ስለ ወፊቱ ስም

ረቂቁ ሃሚንግበርድን «አንጎራጓሪ ወፍ» ይላታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእንግሊዝኛው ስም ዝግ ያለ የድምፅ ንዝረትን ያመለክታል፤ መዝገበ ቃላትም ለዚያ ድምፅ ማንጎራጎርን ይሰጣል። በአማርኛ ግን እንጉርጉሮ የሆድ ብሶት የሚወጣበት ዜማ ነው። አንባቢው በማለዳ ወጥቶ ዜማ ቢያዳምጥ ወፊቱን አያገኛትም። የምንሰማው ድምፅ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከክንፏ የሚወጣ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ የምትራባው ጉሮሮ ቀይ ዓይነት ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ሲሆን ክንፏን በአንድ ሴኮንድ ወደ 50 ጊዜ ታርገበግባለች። በዚህ ኃይል በአየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ረጅም ምንቃሯን በአበባው ውስጥ ታስገባለች፤ ወደ ኋላም መብረር ትችላለች።

ሁለተኛው አማራጭ በአገራችን ካሉት አበባ ከሚቀስሙ ወፎች ስም መዋስ ነው። በደጋችንና በወይና ደጋችን እሬትና ራስ ክምር ሲያብቡ በላያቸው የሚንጠላጠሉትን፣ ቀጭንና ቆልመም ያለ ምንቃር ያላቸውን ኅብረ ቀለም ወፎች የማያውቅ የለም። ከእነርሱ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1814 ሳይንሳዊ ስሙን ሲያገኝ ከተከዜ ወንዝ ተወስዶ ኔክታሪንያ ታካዜ ተብሏል። ነገር ግን የእኛዎቹ ወፎችና የአሜሪካዎቹ በዘር የተራራቁ ናቸው። የተመሳሰሉት አንድ ዓይነት ምግብ ፈልገው በየበኩላቸው አንድ ዓይነት መሣሪያ ስላበጁ ነው። ሃሚንግበርዶች ከ300 በላይ ዝርያዎች ሲኖሯቸው ከአሜሪካ አህጉሮች ውጭ በዱር አይገኙም። የእኛዎቹ ደግሞ በአፍሪካ፣ በእስያና እስከ አውስትራሊያ ድረስ የሚገኙ ናቸው።

ልዩነቱ ለተርጓሚው ብቻ ሳይሆን ለአትክልተኛውም ይጠቅመዋል። የእኛዎቹ ወፎች በአብዛኛው የሚቀስሙት በግንዱ ወይም በቅርንጫፉ ላይ አርፈው ነው። የአሜሪካዋ ግን ማረፊያ አትሻም፤ አበባው ወደ ክፍት ቦታ ዘንበል ብሎ ቢንጠለጠል ይመቻታል። ስለዚህ በመደቡ ፊት ክንፏን የምትዘረጋበት ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል። አማርኛ በአየር ላይ ቆሞ መርበብን የሚገልጽ ጥሩ ግሥ አለው፤ ጭልፊት ከጫጩት በላይ ያንዣብባል፤ ደመና በተራራው ላይ ያንዣብባል። ስለሆነም ለአገራችን ወፎች ቤተሰብ «ቀሳሚ ወፍ»፣ ለአሜሪካዋ ደግሞ «አንዣባቢ ቀሳሚ» የሚሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን። ሃሚንግበርድ የሚለው ውሰት ቃል በንግግር ስለተለመደ በጽሑፉ መጀመሪያ አንድ ጊዜ አብሮ ቢጠቀስ አይጎዳም።

ስለ አበባዎቹም አንድ ነገር እንጨምር። ወፊቱ የምትወዳቸው በብዛት ቀይና ቱቦ መሰል አበቦች ናቸው። ንብ ቀይን እንደ ቀለም ለይታ ስለማታይ በእነዚህ ላይ ተፎካካሪ ይቀንስላታል። ከእነርሱ አንዱ ሎቤሊያ ካርዲናሊስ ነው። ተርጓሚዎቹ የአገራችን ጅብራ የሎቤሊያ ወገን መሆኑን አግኝተው «ቀይ ጅብራ» ብለውታል። ግኝታቸው ያስመሰግናል፤ ይሁንና በሰሜንና በባሌ ተራሮች ጅብራን ያየ ሰው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ግንድ በዓይነ ሕሊናው ይመጣበታል። አሜሪካዊው ዘመዱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ የሚያድግ፣ እርጥብ አፈር የሚወድ ለስላሳ ተክል ነው። «ቀይ ሎቤሊያ» ቢባል አንባቢው ቦታ ሲለካ አይሳሳትም።

5. አረም፣ ትል፣ ተባይ

ከረቂቁ ሁሉ ያሳሰበን ይህ ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ የአንዳንድ ተክሎች ስም በውስጡ «አረም» የሚል ቃል ይዟል። አስክሌፒያስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉት ተክሎች ከእነዚህ ናቸው፤ ረቂቁም «የወተት አረም» ብሏቸዋል። በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ «መደቡን ከአረም ያጽዱ» ይላል። ታዛዥ አንባቢ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች አጣምሮ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ይነቅላቸዋል። እነዚህ ተክሎች ግን ሞናርክ ለተባለችው ቢራቢሮ የሕይወት መሠረት ናቸው። እንቁላሏን በእነርሱ ላይ ትጥላለች፤ እጮቿም ከእነዚህ ቅጠሎች በቀር ሌላ አይበሉም።

አረም የተክል ዝርያ አይደለም። ሰው በቦታው ላይ ያልፈለገው ተክል ሁሉ አረም ይሰኛል። መጭ በገበሬው ማሳ ውስጥ አረም ነው፤ ለንብ አርቢው ግን መስከረምና ጥቅምት የማር ምንጭ ነው። ስለዚህ አረምነት በተክሉ ስም ውስጥ ከገባ ፍርዱ ከመነበቡ በፊት ተፈጽሟል። ለአስክሌፒያስ ወገን «ወተቴ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሲቆረጡ እንደ ቅንጭብና እንደ ቁልቋል ነጭ ፈሳሽ ያወጣሉና። «ወተታም» የሚለውን ያልመረጥነው ለላም ስለተለመደ ነው። ፈሳሹ ዓይንና ቆዳ የሚያስቆጣ መሆኑን መመሪያው በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

የእጩም ስም እንዲሁ ነው። ረቂቁ «አባ ጨጓሬ» ይላል። አባ ጨጓሬ ጠጉሩ የሚያሳክክ፣ ልጆች ሲያዩት የሚሸሹት ነው። «ተምች» ብንል ሰብል አጥፊ ሆኖ ይመጣብናል፤ «ትል» ብንልም ከብስባሽ ጋር ይዛመዳል። በንግግር አማርኛ ለዚህ ፍጥረት ወዳጃዊ ስም የለንም፤ ካሉን ስሞች አብዛኞቹ ጠላትን ለመለየት የወጡ ናቸው። የሞናርክ እጭ ጠጉር የሌላት፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ናት። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው «እጭ» የሚለው ቃል ፍርድ የሌለበት ስለሆነ «የቢራቢሮ እጭ» ማለት ተገቢ ነው። ከዚያም አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ያሻል፤ በዚህ መደብ ላይ የተበላ ቅጠል የሥራው መቃናት ምልክት ነው፤ የበሽታ ምልክት አይደለም።

የመጨረሻው «ፀረ ተባይ» ነው። ስያሜው በቋንቋችን ሥር የሰደደ በመሆኑ ሊነቀል አይችልም፤ ነገር ግን በውስጡ የተሸሸገውን ተስፋ ማስተዋል ያስፈልጋል። ፀረ ተባይ ሲባል ኬሚካሉ ተባይን ለይቶ የሚመታና ሌላውን የሚምር ይመስላል። በንግግርማ ከዚህም ይብሳል፤ «መድኃኒት ረጨሁ» እንላለን። መድኃኒት ከማዳን የወጣ ስም ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ኬሚካሎች ግን በንብና በተባይ መካከል አይለዩም። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ደግሞ በተክሉ ውስጥ ተሰራጭተው እስከ ጽጌ ብናኙና እስከ ጣፋጩ ፈሳሽ ድረስ ይደርሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስቱን ዓይነቶች ከቤት ውጭ በሚበቅሉ ሰብሎች ላይ እንዳይውሉ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ረቂቁ ይህን ጠባያቸውን «ሥርዓታዊ» ሲል ተርጉሞታል፤ አንባቢው ሥርዓት ያለው፣ የታረመ ኬሚካል አድርጎ ይረዳዋል። «ውስጠ ሰራጭ» ቢባል ግን ችግኝ ሲገዛ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። አንዣባቢዋም ቀሳሚ ጣፋጭ ብቻ የምትመገብ አይደለችም፤ ትንንሽ ነፍሳትንና ሸረሪቶችን ትለቅማለች፤ ጫጩቶቿንም በእነርሱ ታሳድጋለች፤ ጎጆዋን የምታያይዘውም በሸረሪት ድር ነው። መርዙ የወፊቱንም ማዕድ ያጠፋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መመሪያ ውስጥ «ፀረ ተባይ» በተጠቀሰ ቁጥር «ንብንና ቢራቢሮንም የሚገድል» የሚል ማብራሪያ እንዲከተለው እንመክራለን።

6. «ብርዝ» እና የመጠን አነጋገር

አንዳንድ ሰዎች በመደቡ አጠገብ ለወፊቱ የስኳር ውኃ ይሰቅላሉ። ረቂቁ ይህን መጠጥ ባማረ አማርኛ «ብርዝ» ይለዋል። ብርዝ ግን በማር የሚዘጋጅ ነው። እንግዳን በማር ማክበር ደግሞ ልማዳችን ስለሆነ አንባቢው ደስ ብሎት ማር ይበጠብጣል። በውኃ የተበጠበጠ ማር ቶሎ ይፈላል፤ ወፊቱን የሚጎዳ ሻጋታም ያበቅላል። እዚህ ላይ ያማረው ቃል ገዳይ፣ ተራው ቃል አዳኝ ሆኗል፤ «የስኳር ውኃ» ተብሎ ይጻፍ።

መጠኑ አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውኃ ነው። ረቂቁ «ከአራት እጅ አንዱ ስኳር» ይላል፤ ይህ በአማርኛ ሲሰላ ለአንድ እጅ ስኳር ሦስት እጅ ውኃ ብቻ ይሰጣል። «አንድ ስኒ ስኳር፣ አራት ስኒ ውኃ» ቢባል ግን ማንም አይሳሳትም። ቀይ ቀለም መጨመር አያስፈልግም። በሙቀት ወራት በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ዕቃውን አጥቦ መለወጥ ይገባል።

7. የወቅቶች ስም

ረቂቁ «ደረቁን አገዳ ክረምቱን ሙሉ ይተዉት፤ ፀደይ ሲገባ ይቁረጡት» ይላል። ምክሩ ትክክል ነው። አንዳንድ ንቦች በአገዳ ውስጥ ይከርማሉ። ከንብ ዝርያዎች 70 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ጎጆ የሚሠሩት በመሬት ውስጥ ስለሆነ ከመደቡ ጥቂት አፈር ያለ ጉዝጓዝ ባዶውን መተው ያስፈልጋል፤ ጣዝማን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ችግሩ ያለው በወቅቶቹ ስም ላይ ነው።

በባሕረ ሐሳባችን አከፋፈል መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በዚህ ሥርዓት ክረምት የዝናብ ወቅት ነው። በትርጉም ጽሑፎች ደግሞ ክረምት የበረዶው ወቅት ሆኖ ይነገራል፤ ይህም በወራት ሲቆጠር ባመዛኙ በእኛ በጋ ላይ ይውላል። ፀደይ በሊቃውንቱ አቆጣጠር ከቨርጂኒያው የአበባ ወቅት ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን በዛሬው ንግግር ብዙ ሰው ፀደይ የሚለው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን ነው። በቤተ ክርስቲያንም ዘመነ ጽጌ የሚውለው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በመሆኑ አበባን ከመስከረምና ከጥቅምት ጋር ማያያዙ አያስገርምም።

እንግዲህ አንድ አረጋዊ አንባቢ «ክረምቱ ሲያልፍ ፀደይ ሲገባ ቁረጥ» የሚለውን አንብበው በመስከረም መቀስ ቢያነሡ ቋንቋውን በሚገባ በማወቃቸው ነው የሚሳሳቱት። በዚያ ወር በቨርጂኒያ የመጨረሻዎቹ አበቦች ገና ይፈካሉ፤ አንዣባቢዋ ቀሳሚም ወደ መካከለኛው አሜሪካ ለምታደርገው ረጅም ጉዞ ስብ የምታከማችበት ጊዜ ነው። የተቆረጠው አገዳ ስንቋ ነበር።

ለዚህ መፍትሔው አዲስ ስያሜ መፍጠር አይደለም። በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ ወቅትን በስሙ ከመጥራት ይልቅ ወሩን ወይም ምልክቱን መጥራት ይሻላል። ለአብነት ያህል፦ ችግኝ የሚተከለው የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ነው፤ ወፊቱ የምትመጣው በሚያዝያ ነው፤ የምትሄደው በመስከረም ውስጥ ነው፤ ደረቁ አገዳ የሚቆረጠው በሚያዝያ፣ አዲስ ቡቃያ ሲታይ፣ ከ20 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከሥሩ ተትቶ ነው። ወሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጻፍ ከጎኑ ኤፕሪል፣ ሴፕቴምበር እየተባለ ቢታከል በሁለቱም የቀን መቁጠሪያ የሚኖረው አንባቢ አይቸገርም።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

የአበባ መደብ፦ ለአበባ ተለይቶ የተዘጋጀ አፈር። «የአበባ አልጋ» አይባልም።

ጽጌ ብናኝ፦ ከአበባ ወንዴ ክፍል የሚወጣ ደቃቅ ዱቄት።

ርክበ ብናኝ፦ ጽጌ ብናኝ ወደ ሴቴው ክፍል ጫፍ የሚደርስበት ድርጊት።

ብናኝ አመላላሽ፦ ይህን ድርጊት የሚፈጽም ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ወፍ ወይም ሌላ ፍጥረት። «አዳቃይ» አይባልም።

ቀሳሚ ወፍ፦ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ የሚገኝ፣ ባመዛኙ አርፎ የሚቀስም ወፍ።

አንዣባቢ ቀሳሚ፦ በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ የሚገኝ፣ በአየር ላይ ቆሞ የሚቀስም ወፍ፤ ሃሚንግበርድ።

ወተቴ፦ የአስክሌፒያስ ወገን ተክል። «የወተት አረም» አይባልም።

የቢራቢሮ እጭ፦ ከእንቁላል የወጣች፣ ገና ሙሽሬ ያልሆነች ቢራቢሮ።

ውስጠ ሰራጭ፦ በተክል ውስጥ ተሰራጭቶ የሚቆይ ኬሚካል።

ለአበባው ጣፋጭ ፈሳሽ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስያሜ አላቀረብንም። ከቀሰመ የሚወጣው «ቅስም» ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም «ቅስሙ ተሰበረ» በሚለው አነጋገር ሞራልን ስለሚያመለክት ለጊዜው አቆይተነዋል። «ወለላ» ደግሞ ከቀፎ የወጣ ማር እንጂ በአበባ ውስጥ ያለ አይደለም። በየአካባቢው ያሉ ንብ አርቢዎች፣ ማሩ ገና ማር ሳይሆን በአበባው ውስጥ ሳለ የሚጠሩበት ቃል ካላቸው ከእነርሱ መቀበል ከእኛ ፈጠራ የበለጠ ይሆናል። አንባቢዎቻችን የሰሙትን ቃል፣ የሰሙበትን አካባቢና የተነገረበትን ዐረፍተ ነገር ጽፈው እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የረቂቁ አዘጋጆች ከላይ የተጠቀሱትን ማረሚያዎች ለማየት ፈቃደኞች ሆነዋል። ከመታተሙ በፊት ግን አንድ ተጨማሪ ፈተና እንዲያደርጉለት አሳስበናቸዋል፤ ይኸውም እንግሊዝኛውን ላላየ አንድ አትክልተኛ ረቂቁን ሰጥተው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ በቃሉ እንዲነግራቸው ነው። እነቅላለሁ፣ እረጫለሁ ወይም ማር እበጠብጣለሁ ካለ ስህተቱ የእርሱ አይደለም፤ ወደ ቃሉ መመለስ የእኛ ግዴታ ነው።